እምዬ የምትቀመጥበት ቦታ፦ ከሦስት ልጆችና ከአያታቸው ጋር አዲስ አበባን መዞር

መጀመሪያ የካልሲውን ጉዳይ ላንሳ። ስሙን የማልጠራው አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ከላይኛዎቹ ፎቆች በአንዱ ላይ፣ ሰፊ የልጆች መጫወቻ አለ። ክፍያው በሰዓት ነው፤ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በሦስት ያባዛል። እሺ ብለን ከፈልን። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ሊፈተለኩ ሲሉ በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው፤ ካልሲ ያስፈልጋል። ካልሲ እኮ አድርገዋል። «የእኛ ካልሲ ነው የሚፈቀደው፣ ከሥሩ ጎማ ያለው።» ሦስት ጥንድ ተገዛ። ውስጥ ስንገባ የመኪና መንዳቱም የኳስ መወርወሪያውም በካርድ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ካርዱ ራሱ ይሸጣል፤ ከዚያ ገንዘብ ይሞላበታል፤ ስትወጡ የተረፈው አይመለስም። ለአዋቂ የሚሆን ወንበር ያለው ካፌው ውስጥ ብቻ ነው፤ ካፌው ውስጥ የሚቀመጥ ደግሞ ማዘዝ አለበት። እናቴ የምትጾምበት ቀን ስለነበር ከምግብ ዝርዝሩ ላይ የቀረላት ድንች ጥብስ ነበር። እሱንም በልታ ሳትጨርስ ሰዓታችሁ አልቋል ተባልን።

ሥራዬ ኦዲት ነው፤ ደረሰኝ ሳላገላብጥ አላልፍም። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቶቹን ደርድሬ ስደምር፣ ለጨዋታው ከወጣው ይልቅ በጨዋታው ዙሪያ ላሉት ነገሮች የወጣው በለጠ። ትልቁን ልጄን ምን እንደተጫወቱ ጠየቅሁት። «ዘለልን» አለኝ። ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋን በራሴ መመዘኛ ነው የማያት። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቁ አሥራ አንድ፣ መካከለኛዋ ስድስት፣ ትንሿ አራት ዓመታቸው ነው። ልጆቹ «እምዬ» የሚሏት እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ነገር ግን ቤት ቅሪ ከተባለች ታኮርፋለች። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ስለሚሆን ቪትዟ ውስጥ የምንጠጋጋው አምስት ነን። ስለዚህ አንድ ቦታ ጥሩ ነው ሲሉኝ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ እምዬ አረፍ የምትልበት ጥላ አለ? ትንሿ «ሽንቴ መጣ» ስትል መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ነው? ትልቁ ሳይሰለቸው ምን ያህል ይቆያል? ከቤት የያዝነውን ምሳ ዕቃ በር ላይ ይቀበሉናል? ስለ ውበቱ የምሰማው ከእነዚህ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የወቅት ጣጣ አለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ልጆች ነጻ ሲሆኑ መናፈሻው ጭቃ ነው፤ አደይ ፈክቶ መስኩ ጠፈፍ ማለት ሲጀምር ደብተር መለበድ ይመጣል። የክረምቱና የበጋው ዝርዝር ለየብቻ መያዝ አለበት። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት «ከልጆችዎ ጋር የሚዝናኑባቸው ቦታዎች» የሚሉ ጽሑፎች ይህንን አይለዩም። ነሐሴ ላይ ልጅ ይዛችሁ እንጦጦ ውጡ ብሎ የሚመክር ሰው ልጅ ያለው አይመስለኝም።

ለክረምት አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም አስቀድማለሁ። ድንቅነሽ ያለችው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው፤ እውነተኛው አጥንት ተቆልፎበት በጥንቃቄ ይጠበቃል። ይህን ሰምተው ቅር የሚላቸው አዋቂዎች ገጥመውኛል፤ ልጆች ግን ደንታም የላቸው። በአንድ በኩል የተገኙት አጥንቶች በየቦታቸው ተጋድመው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቆማ ትታያለች። መካከለኛዋ ልጄ የቆመችውን ስታይ ተጠግታ ቀጥ አለችና «እኩል ነን» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። የድንቅነሽ ቁመት 1.1 ሜትር ገደማ ነበር። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ለስድስት ዓመት ልጅ ባዶ ድምፅ ነው፤ በቁመት እኩል መሆን ግን የሚጨበጥ ነገር ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ድንቅነሽ የምታወራው ስለ ክፍል ጓደኛዋ በምታወራበት ቃና ነው።

ትንሿን የያዛት ደግሞ «ሰላም» የተባለችው ቅሪተ አካል ታሪክ ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ በሚባል ቦታ በ1993 ዓ.ም. ያገኛት ሕፃን ናት፤ ከድንቅነሽ የቀደመች፣ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ባለ ዕድሜ፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት። «እናቷስ የት አለች?» አለች ትንሿ። እኔ መልስ ስፈልግ እምዬ ቀደመችኝ፤ «እየፈለጉላት ነው።» እምዬ ስለ አጥንቶቹ የራሷ አቋም አላት፤ አዳምና ሔዋንን የሚያስቀይር ነገር አላየሁም ትላለች። ደረጃውን ግን ጉልበቷን ይዛ ከሁላችንም ቀድማ ወረደች። ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ ያሉት የነገሥታት አልባሳትና ሥዕሎች ለትልቁ ይሆናሉ፤ ትንንሾቹ እዚያ ሲደርሱ መነጫነጭ ይጀምራሉ። ምድር ቤቱን አይቶ፣ ግቢው ውስጥ ምሳ ዕቃ ከፍቶ፣ ላይኛውን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል።

ለበጋ አንድነት ፓርክ አለ፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ። ቤተ መንግሥት ስለሆነ ፍተሻ አለው፤ በጠዋት የደረሰ ይጠቀማል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሽቅብ ቁልቁልም አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን ላሳያቸው የሚል ወላጅ ሲመለስ አንድ ልጅ አዝሎ ሌላውን እየጎተተ ነው። እኛ ለሁለት ከፈልነው፤ አንዱን ቀን ለጥቁር ጎፈሮቹ አንበሶችና ለተክሎቹ፣ ሌላውን ለዙፋን ቤቱ፣ ለግብር አዳራሹና ለእንቁላል ቤቱ። አንበሳው ተኝቶ ነበር። ትንሿ ለመቀስቀስ ያልሞከረችው ነገር የለም፤ በመጨረሻ «እሱም እንደ አባዬ ነው የሚተኛው» ብላ ተወችው። እምዬ የግብር አዳራሹን ስፋት በዓይኗ ለክታ፣ እዚህ ውስጥ ለሚበላ ሰው በቀን ስንት እንስራ ጠላ እንደሚያስፈልግ ለማስላት ሞከረች። እኔም አብሬያት አሰላሁ፤ ሁለታችንም የደረስንበት ቁጥር የሚታመን አልሆነም።

ከዙፋን ቤቱ ሥር ምድር ቤት አለ፤ ደርግ የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት ያሰረው እዚያ ነበር። ትንንሾቹን ከእምዬ ጋር ትቼ ትልቁን ብቻ ይዤ ወረድሁ። «ስድሳዎቹ» የሚባሉት ባለሥልጣናት የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. እንደሆነ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ታዲያ ድንቅነሽ የተገኘችው በማግሥቱ ነዋ» አለኝ። ልክ ነበር፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.። እኔ ሁለቱንም ቀኖች ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንዱን ከታሪክ ክፍለ ጊዜ፣ ሌላውን ከሳይንስ። ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየሁበት ጊዜ ግን አልነበረም። ሁለቱን ቦታዎች በተቀራረቡ ሳምንታት ማሳየት ይህ ጥቅም አለው፤ በዘጠኝና በአሥር ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ራሱ ያገናኛቸዋል።

ከሁሉም አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል ግን ያለማመንታት ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እመርጣለሁ። ለልጆች ተብለው በሚዘረዘሩ ቦታዎች መሃል ስሙ ተጠርቶ አይቼ አላውቅም። ሕንፃው ገነተ ልዑል ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥታቸው። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይጎበኛል። መካከለኛዋ ገንዳውን አይታ ንጉሥም ሳሙና ዓይኑ ውስጥ ይገባ እንደነበር ጠየቀች። የሚመልስላት አልተገኘም።

ይህን ሙዚየም የምወደው በአደራደሩ ነው። ዕቃዎቹ በየብሔረሰቡ ወይም በየክፍለ ሀገሩ አልተከፋፈሉም። ቅደም ተከተሉ የሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት ይቀድማል፣ ጉልምስና ይከተላል፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንድ ልጅ ገብቶ የራሱን ቦታ ወዲያው ያገኛል። ትንሿ የልጅነቱን ክፍል «ይሄ የእኔ ነው» ብላ ያዘች፣ ወንድሟንም «አንተ ወደዚያ ሂድ» አለችው።

እምዬ ደግሞ የስፌት ዕቃዎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ይህን እኮ እናቴ ትሰፋው ነበር» አለች አገልግሉን እያየች። «ምን አድርጎ ነው መስታወት ውስጥ የገባው?» አጠገባችን ለሌሎች ጎብኚዎች የሚያስረዳ ወጣት ነበር፤ ሰማና ሳቀ። «እማማ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩን» ብሎ ቦታውን ለቀቀላት። መልቀቅ አልነበረበትም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ መልሶ አላገኘውም። መርሐ ቤቴ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ስንደዶና አክርማ በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ ለምን በዚያ ወር ብቻ እንደሚለቀም፣ ጥጡ በምን እንደሚነደፍ፣ እንዝርቱ እንዴት እንደሚሾር፣ ሁሉንም በእጇ እያሳየች ነገረችን። እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ስትመለስ አንሸራቷት የሰበረችበትን ቀን ስታወራ መካከለኛዋ አፏን ከፍታ ነበር። «ተመታሽ?» «አልተመታሁም፤ አባቴ ቤት አልነበረም።» ትልቁ ስልኬን ተቀብሎ ይቀርጻታል፤ ያንን ቀረጻ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። የማላውቃቸው ሰዎችም ዙሪያችን ቆመው ያዳምጡ ነበር። የራሴ እናት ገና በዘጠኝ ዓመቷ መፍተል እንደጀመረች የሰማሁት እዚያ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ቆሜ ነው።

ስለ ልጆች ጨዋታ ሲነሳ ደግሞ የገበጣ ነገር መጣ። እምዬ ገበጣ መጫወት የተማረችው ከብት ስትጠብቅ መሬት ቆፍራ፣ በጠጠር ነው። ቤት እንደተመለስን ኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ጥግ ላይ፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበትን አፈር መርጣ ጉድጓዶቹን በማንኪያ አስቆፈረቻቸው። ጥበቃው መጥቶ ሊቆጣ ሲል ራሱም ተቀመጠ።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። ላይኛው ፎቅ ላይ በገናው፣ ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ከበሮው አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና መስቀሎችም እንዲሁ። ሥዕሎቹ ዘንድ እምዬ ጉዞዋን አቋርጣ መሳለም ስለጀመረች ከእርሷ ጋር የሚሄድ ሰው ጊዜውን ሰፋ አድርጎ ይያዝ። ውጭ ላይ ደግሞ ትልቁ ልጄ ከሁሉ የወደደው አለ፤ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው የሠሩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመትን ይወክል ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። «አላፈረሱትም እኮ፤ ተቀመጡበት» አለ ልጄ፣ ሁለት ጊዜ እየደጋገመ። እህቱ ደረጃዎቹን እየቆጠረች ትሳሳት ነበርና እንደገና ትጀምራለች። እምዬ ከዛፉ ሥር ቆሎዋን ፈታ ተቀምጣለች። ግቢው የተማሪዎች ስለሆነ ዛፍም መቀመጫም አያጣም። በእኔ መመዘኛ ይህ ቦታ በአራቱም ጥያቄዎች አልፏል፤ ከአንደኛው ፎቅ ወደ ሌላው የሚያወጣው ደረጃ ለጉልበት የማይራራ መሆኑን ብቻ አስታውሱ።

መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየምም ለከተማ ልጅ ሁነኛ ቦታ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ሲሆን በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ፣ በጥንቱ አሠራር የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ላይ የተቀረጸው ነገር ዓይንን ይዞ አይለቅም። አትክልት አለ፣ ላሞች አሉ፣ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ አለ። ወተት ከሱፐርማርኬት የሚመጣ የሚመስላት ትንሿ ልጄ ከላሟ ፊት ተነቅላ አልሄድ አለች። እምዬ ወደ አንዱ ግድግዳ ተጠግታ በመዳፏ ደባበሰችው። «ከጭቃ ቤት ለመውጣት ያላየነው መከራ የለም» አለች፤ «አሁን ደግሞ ከፍለን ልናየው መጣን።» ይህን ብላ ግን ልስኑ ከምን ጋር እንደተቦካ፣ ምን ያህል ቀን እንደታሸ ስታጠና ቆየች። በግንበኛ ዓይን ስለምታይ ስህተት ታገኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላገኘችም፤ «ያውቃሉ» ብላ አለፈች። ከእርሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

እንጦጦ ፓርክን ሁሉም ስለሚያውቀው ረዥም አልልም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ፈረስ መጋለብ፣ ቀስት መወርወር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት አለው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነውና ፀሐይ ብትወጣም ብርድ አለ፤ ጋቢ ሳትይዙ አትውጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጠዋት ወደር የለውም፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ከተማው ከታች ይታያል። የሚከፈልባቸው ጨዋታዎች ብዙ ስለሆኑ እኛ ቤት ሕግ አውጥተናል፤ ለአንድ ልጅ አንድ ጨዋታ፣ ምርጫው ከቤት ሳይወጣ ይወሰናል፣ እዚያ ደርሶ አይቀየርም። ይህ ሕግ ብዙ ለቅሶ አስቀርቷል። እምዬ ጉዳይዋ ከፓርኩ ጋር አይደለም፤ በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ የነገሡባት እንጦጦ ማርያም እንድናደርሳት ነው የምትወጣው። ትሳለማለች፣ ጠበል ትቀዳለች፣ እኛ ስንመለስ ከደጀ ሰላሙ እናገኛታለን።

የቀሩትን በአጭሩ። በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ለትልቁ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ግን ብልጭ ድርግም ከማለት ያለፈ አይገባቸውም። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ታሪኩን አስቀድሞ ቤት ውስጥ ለሰማ ልጅ ነው የሚናገረው፤ ሳይነግሩት የሚወስዱት ልጅ ሐውልት አይቶ ይመለሳል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። ነሐሴ ላይ ዶፍ ሲወርድ እዚያ ገብቶ መጽሐፍ መዘርጋት የመሰለ ነገር የለም፤ የአራት ዓመት ልጅ ዝም የምትልበት ጊዜ ግን ውስን ነው፣ እኛ በግማሽ ሰዓት ነው የምንወጣው።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ወይም በትንሹ የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። እሁድ ማለዳ ከሲኤምሲ ቀላል ባቡር ተሳፍረን እስጢፋኖስ እንወርዳለን። ለመካከለኛዋ ባቡሩ ራሱ መዝናኛ ነው። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ከድልድዩ ላይ የሰው ቤት ጣሪያ ትቆጥራለች፤ የተሰጣ ልብስ ካየች ማን እንደሚለብሰው ትገምታለች። ቦርሳ ከፊት ይያዝ እንጂ ሌላ ችግር የለውም። መስቀል አደባባይ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሮጡ፣ በማይክሮፎን እየተቆጠረላቸው የሚዘሉ ሰዎች አሉ። ትልቁ ከሯጮቹ ኋላ ይገባል፣ ሁለት ዙር ሳይሞላ ምላሱን አውጥቶ ይመለሳል። እምዬ የአደባባዩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ «ምን አባርሯቸው ነው?» ትላለች። ሻይ ይጠጣል፣ ወደ ቤት ይገባል። ያ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ጥንድ ጎማማ ካልሲ ዋጋ አይሞላም።

ስለ ትምህርቶቹ ደግሞ። የክረምት የሥዕል ትምህርት ተብሎ መካከለኛዋን ያስመዘገብንበት አንድ ማዕከል ነበር። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ማኅደሯን ብከፍት ሁሉም ከኢንተርኔት የታተመ ሥዕል ላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ የልዕልት ቀሚስ፣ የመኪና ጎማ። አንድም ራሷ የጀመረችው መስመር የለም። መምህሯን ስጠይቃት «ልጆቹ ከመስመር እንዳይወጡ ነው የምናለማምደው» አለችኝ። ቀለምና ወረቀት ቤት ውስጥ ገዝቼላት አሁን ከመስመር እንደልቧ ትወጣለች፤ ከወረቀትም ወደ ግድግዳ ወጥታለች። በአንጻሩ ሰፈራችን ውስጥ በአንድ መጋዘን የሚሰጠው የቴኳንዶ ትምህርት ምንም ጌጥ የለውም፤ ምንጣፉ አሮጌ ነው፣ መስኮቱ አንድ ነው። መምህሩ ግን የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃል፤ አርፍዶ የመጣ ልጅ ለምን እንዳረፈደ ለጓደኞቹ ቆሞ ያስረዳል። ትልቁ ጫማውን በር ላይ አስተካክሎ ማስቀመጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እኔ ያንን ለዓመታት ለምኜ አላገኘሁትም።

ዋና ማስተማር ለምትፈልጉ ክረምት ላይ ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ ልጅ አታስገቡ፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ይወጣና ሁለተኛ አልሄድም ይላል። ሒልተን ያለው በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳ ከመሬት በሚፈልቅ ሙቅ ውኃ ስለሚሞላ ለዚህ ይመረጣል፤ ኪስ ለማይፈቅድለት ግን በየወሩ የሚሄድበት ቦታ አይደለም። ትርኢት ማየት ለሚወዱ ደግሞ ፍካት ሰርከስን ፈልጉ። ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ሳይቀር ሄደው የሚያሳዩ ወጣቶች ናቸው። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆም ትንሿ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፣ በጣቶቿ መሃል ግን አንድም አላመለጣት።

ለጉዞ የምይዘው ዝርዝር አጭር ነው። ምሳ ዕቃ፣ ውኃ፣ ለእምዬ የምታነጥፈው ኩታ፣ ለትንሿ ቅያሪ ሱሪ። በጾም ቀን ዳቦና ሽሮ ፍትፍት፣ በፍስክ እንቁላል ቅቅል ይጨመራል። ከቤት የያዛችሁትን አታስገቡም የሚል ቦታ ከገጠማችሁ መልሳችሁ መኪና ውስጥ ብሉት፤ የሚሸጡላችሁ ነገር ሦስት እጥፍ ከፍሎ የሚበላ አይደለም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሶፍት ስለማይታመን ራሳችሁ ያዙ። አንድ ነገር ደግሞ ለሰኔ፤ የክረምት ትምህርት ምዝገባ ሐምሌ ላይ ከጀመራችሁ ጥሩ ጥሩው ተይዟል፣ የሚቀርላችሁ ቀለም መቀባቱ ነው።

እኛ ዘንድሮ ትልቁን በቴኳንዶው አስቀጥለን መካከለኛዋን ዋና አስመዝግበናል። ትንሿን የትም አላስመዘገብንም፤ ከእምዬ ጋር ገበጣ እየተማረች ነው። ጠጠር ትደብቃለች፤ እምዬም አይታ እንዳላየች ታልፋለች፣ ወዲያው ግን ራሷም ትደብቃለች።